የጋሽ ክንፉ የመጨረሻ ፍርድ

ጋሽ ክንፉ የተገኙት በካሊፎርኒያዋ ኒውአርክ ሜዳ ዳር ባለችው የዕቃ ቤት ውስጥ፣ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ነው። የሜዳ መስመር የሚሰመርበት የኖራ ከረጢት ተቀዶ ወለሉ ነጭ ሆኗል። በበሩ የታችኛው ክፍል ላይ በኖራ የታተመ መዳፍ ነበረ፤ አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ ሰባት ጊዜ። ተናኘ ጎንበስ ብላ ቆጠረችው። ሰውየው ጭንቅላታቸው ከብረት መደርደሪያው ጋር ተጋጭቶ ወዲያው አልሞቱም። ድኸው መጥተዋል፤ በሩንም ደብድበዋል። በሩ ግን ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር።

«ኤዲያ! ሰው ነን ደግሞ እኛ!» አለች ለራሷ።

ተናኘ አዲስ አበባ አሥራ አራት ዓመት በወንጀል መርማሪነት ሠርታ፣ እዚህም ለካውንቲው ድንገተኛ ሞት የምታጣራ ሴት ናት። ሬሳ አያስደነግጣትም። ያናደዳት የነገሩ መነሻ ነው። የልጆች ጨዋታ! የኦክላንድና የሳን ሆዜ ሁለት የአማርኛ ምእመናን ጉባኤዎች ልጃገረዶች በቤዝቦል መሰሉ ሶፍትቦል ተጋጥመው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የኦክላንዷ ኢየሩስ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ሆም ስትሮጥ፣ ሆምን የምትጠብቀው የሳን ሆዜዋ ካቸር፣ ምሥጢር የምትባለው ልጅ፣ ኳስ ይዛ ነካቻት። አቧራው ቦነነ። ዳኛው ጋሽ ክንፉ ቡጢያቸውን አንሥተው «አውት!» አሉ፤ ሳትገባ ተነክታለች ማለታቸው ነው። ሳን ሆዜ ለፋይናል አለፈች፣ ወላጆች ተሰዳደቡ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሬሳ ተገኘ።

ፖሊሶቹ ማንን እንደሚጠረጥሩ ወስነው ጨርሰዋል። የኢየሩስ አባት ኩምሳ አጥር ዘሎ «አንተ ሽማግሌ፣ ዋጋህን ታገኛለህ!» ሲል ያልቀረጸው ስልክ የለም። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል። ፖሊስ መኪና አጠገብ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ሊያስሩኝ ነው፣ እህቴ» አላት። «ከታሰርኩ ግሪን ካርዴም፣ ልጄም፣ ሁሉም ነገር አለቀ። ተሳድቤያለሁ፣ አልክድም። እጄን ግን አላነሣሁም።»

«ቆይ፣ ገና ማንም አልታሰረም።»

ወደ ሬሳው ተመለሰች። ጋሽ ክንፉ ውጤት የሚጽፉበት ሰሌዳ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የላይኛው ገጽ ተቀዷል፣ የትም የለም። ዳኛ ትርፍ ኳስ የሚይዝባት የወገብ ቦርሳ ግን እንደተዘጋች ናት። ተናኘ ከፈተቻት። ሁለት ኳስና በእጅ የተጻፈች አንዲት ካርድ አገኘች። ሁለቴ አነበበቻት፣ ለፖሊሱ አሳይታ በፕላስቲክ ከተተቻት፣ ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ከኢየሩስ ሻንጣ ጓንትና ኳስ ተዋሰች።

«እኔ ከኳስ ጋር አልተዋወቅሁም» አለችው ኩምሳን። «እስቲ ምሥጢር ልጅህን እንዴት እንደነካቻት አሳየኝ።»

ኩምሳ ኳሱን ጓንቱ ውስጥ አስገብቶ የተናኘን ክንድ ነካ። «እንዲህ። ኳሱ ጓንቷ ውስጥ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የልጄ እግር ቀድሞ ሆም ረግጧል!»

ሁለተኛ ያነጋገረቻት ሐኒን ነው፤ የሳን ሆዜ ቡድን ውጤት መዝጋቢ፣ በሙያዋ ነርስ። ከጨዋታው በኋላ ሁሉም ፒዛ ቤት ሄዶ ሳለ የረሳችውን የበረዶ ሳጥን ልትወስድ ተመልሳ፣ በቁልፏ ስትከፍት ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ጓጉንቸሩ ቀን ቀን ክፍት ይንጠለጠላል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሊቆልፈው ይችላል» አለች። ጓንቱን ስትቀበል እሷም ኳሱን ውስጡ ከተተች። «ከነኳሱ ከፍ አድርጋ ስታሳይ ፎቶ አንሥቻታለሁ። ይኸው! ጥርት ያለ አውት!»

ሦስተኛው የሳን ሆዜ ኮች ፍሬምናጦስ ነው፤ የምሥጢር አባት፣ ማውንቴን ቪው፣ ከሀብታሞቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሰፈር፣ ቢሮ ያለው፣ ሸሚዙ ከአቧራው ሁሉ ተርፎ የነጣ ሰው።

«ልጅህ ስትነካት የት ነበርክ?»

«ከአግዳሚያችን ላይ። የልጄን ጀርባ ነው ያየሁት፤ ፍርዱ ግን የማያሻማ ነው።» ጓንቱን በግራው አጠለቀ፤ ኳሱን በቀኝ እጁ ጨበጠ፤ በጓንቱ የተናኘን ክንድ ነካ። «ኳሱን ይዛለች፣ ነክታለች፣ አለቀ! ‹ኳሱ በዚህኛው እጅ፣ ጓንቱ በዚያኛው› እያለ የሚሰነጥቅ ሰው ጨዋታ አያውቅም።»

«ለውጥ አለው እንዴ?»

«ደንቡ ኳሱን በያዘው እጅ ወይም ጓንት ካልነካች አይቆጠርም ይላል። በባዶ ጓንት መንካት እንዳልነኩ ነው። ግን ማን አየ?»

ሬሳ ከሃያ እርምጃ ሳይርቅ ሰውየው ስለ ደንብ ይሟገታል! ተናኘ ቱ ልትል ከጅሏት አመስግና ተወችው። ከዚያ ምሥጢር የተቀመጠችበት መኪና ገብታ አሥር ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ «ሁሉንም ሆም አጠገብ ሰብስቡልኝ» አለች።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከፒዛ ቤት የተጠሩት ወላጆች ክብ ሠርተው ቆሙ፤ የልጆቹን ኬክ በወረቀት ሳህን ይዞ የመጣም ነበር። ተናኘ አየችውና ፊቷን አዞረች።

«ጋሽ ክንፉን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ» ብላ ጀመረች። «ጉባኤ ፊት ሲመሰክሩ እንዳይረሱ በካርድ ይጽፉ ነበር። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለች ሐኒ።

«ገዳዩ የውጤት ገጹን ቀዶ ወስዷል። ካርዱ ግን ኳስ ቦርሳቸው ውስጥ ተረፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?» ካርዱን ከፍ አድርጋ አነበበች። «‹ኳሱ በባዶ እጇ ነበር፤ የነካችው በባዶ ጓንት ነው። ኢየሩስ ገብታለች። ፍርዴን በሪፖርቱ አርሜያለሁ፤ ነገ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስቀድሜ ግን ለወንድሜ ብቻውን እነግረዋለሁ።›»

ኩምሳ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እንግዲህ ያቺ የተቀደደች ገጽ የኩምሳን ልጅ አሸናፊ የምታደርግ ናት። ኩምሳ ቢያገኛት በፍሬም ያሰቅላታል እንጂ አይቀድዳትም! የቀደዳት ድሉ የሚቀርበት ሰው ነው፤ ከሳን ሆዜ ወገን።»

«እኔን ነው?» ሐኒ ደረቷን ያዘች።

«አንቺ ኳሱን ጓንቱ ውስጥ ከተትሽ። ኩምሳም እንደዚያው። ስልሳ ሰው የሚያውቀው ያንን ነው፤ ምሥጢር ከነካቻት በኋላ ኳሱን በፍጥነት ጓንቷ ውስጥ ጥላ ስላሳየች። ኳሱን በባዶ እጁ ጨብጦ ያሳየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጀርባዋን ብቻ እንዳየ በራሱ አፍ ነግሮኛል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ፍሬምናጦስ ዞረ።

«ልጄ ነግራኝ ነው!» አለ ቶሎ ብሎ። «መኪና ውስጥ ነገረችኝ።»

«አልነገረችህም። አንተን ስለፈራች ለጋሽ ክንፉ ብቻ ነገረቻቸው፤ ለኔም የመጀመሪያ ቃሏ ‹ለዳዲ እንዳትነግሪው› የሚል ነበር። አንተ ከጋሽ ክንፉ ነው የሰማኸው። እሳቸው አክብረውህ፣ በሰው ፊት እንዳያሳፍሩህ፣ ለብቻህ ሊነግሩህ ዕቃ ቤቷ ጠሩህ። ‹ወንድሜ› ያሉት አንተን ነው።»

ፍሬምናጦስ ከንፈሩን ላሰ። «ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም። ለፋይናሉ ተጫዋች መራጮች ይመጣሉ… ሦስት ዓመት በየቀኑ ያሠለጠንኳት…»

«ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ!» አለች ተናኘ። «መግፋቱስ ይሁን፣ እጅህ ቀደመህ እንበል። ገጹንስ ማን ቀደደው? ጓጉንቸሩንስ ማን ቆለፈው? ማንም እንዳይደርስላቸው፣ እንዳይወጡም ነው የቆለፍክባቸው! አንተ ፒዛ እየቆረስክ ለልጆቹ ‹እንኳን ደስ አላችሁ› ስትል እሳቸው በር ይደበድቡ ነበር። ሰባት ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ!»

ፖሊሱ የተቀደደችውን ገጽ ከፍሬምናጦስ የኋላ ኪስ፣ አራት ቦታ ታጥፋ፣ አወጣት። ካቴናው ሲገባለት ኩምሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ኢየሩስም ሮጣ መጥታ አንገቱን አቀፈችው።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ሐኒ ተናኘን ተጠጋቻት።

«ይቅርታ እንግዲህ… ውጤቱ ይቀየራል ማለት ነው? ለፋይናሉ ሆቴል ቡክ አድርገን ነበር፣ ሪፈንድ ስለሌለው ነው።»

«ከፊቴ ጥፊልኝ» አለቻት ተናኘ።

ምሥጢር ከመኪናው ወርዳለች። የካቸር መከላከያዋ እስካሁን እግሯ ላይ እንደታሰረ ነው። አባቷን ወደጫነው መኪና አላየችም፤ በቀጥታ ወደ ኢየሩስ ሄዳ «ዩ ወር ሴፍ፤ ገብተሽ ነበር» አለቻት። ከዚያ ወደ ተናኘ ዞረች።

«ጮክ ብዬ፣ ላይክ፣ በኤቭሪባዲ ፊት ብናገር… ጋሽ ክንፉ አይሞትም ነበር?»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለሁሉም መልስ የነበራት ሴት ተንበርክካ የልጅቷን የእግር መከላከያ ማሰሪያ አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። በማሰሪያው ላይ ኖራ ነበር፤ የሜዳው ኖራ።

«እውነቱን የተናገርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ ግን የጠየቀችው ሌላ ስለነበር፣ አሁንም ቆማ ትጠብቃለች።