ነጠብጣብ የሌለው ሶፍት

አባቴ ሶፍት ያነብ ነበር። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔ ግን ልጅ ሳለሁ የሰው ሁሉ አባት ሶፍት የሚያነብ ይመስለኝ ነበር።

የሚሠራው ሶፍት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሶፍቱን የሚሠራው ካገለገለ ወረቀት ነበር፤ አብዛኛውም ትምህርት ሲዘጋ ከየትምህርት ቤቱ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ያለቀ ደብተር። አባቴ የመዘፍዘፊያው ገንዳ ኃላፊ ስለነበር ደብተሩ ሁሉ በእጁ ያልፋል። ሽቦው ይነቀላል፣ ሽፋኑ ይገነጠላል፣ ገንዳው ውስጥ ገብቶ እንደ ሊጥ እስኪላላ ይማሰላል። ከዚያ በማሽን ተዳምጦና ደርቆ ሶፍት ሆኖ ይወጣል። በረኪና ስለማይገባበት መልኩ ግራጫ ነው፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ ነጠብጣብ አለበት።

አባቴ የሚያነበው እነዚያን ነጠብጣቦች ነው። ከሥራ ሲመለስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከጥቅሉ ሁለት ቅጠል ይቆርጥና ወደ ብርሃኑ ከፍ ያደርገዋል። እኔ አገጬን ትከሻው ላይ አስደግፌ እጠይቃለሁ።

"ይሄ ሰማያዊውስ አባዬ?"

"የተማሪ እስክሪብቶ ነው። ችኩል ተማሪ፤ አላየሽም እንዴ ተጭኖ እንደጻፈ?"

"ቀዩስ?"

"እሱማ የአስተማሪ ነው።"

"ራይት ነው ኤክስ?"

አባቴ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያስባል። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። "ራይት ነው።"

ስሜን ትቶ "ራይቴ" እያለ የሚጠራኝ ከዚሁ የተነሳ ነው። አንድ ዓመት በሂሳብ ከአሥር ሦስት አምጥቼ ደብተሩን አልጋ ሥር ደበቅኩት። አገኘው። አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ "አይዞሽ ራይቴ፣ ይሄ ሦስት ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት የሰው አፍንጫ ሲጠርግ ይውላል፤ አንቺ ግን ማባዛቱን አጥኚ" አለኝ። እውነትም አጠናሁ።

ስለ ሥራው ሲያወራ ይኮራ ነበር። "ወረቀት መጀመሪያ ይጻፍበት፣ ይነበብ፣ ልጅ ይማርበት" ይላል። "ሶፍት መሆን የጡረታ ሥራው ነው። አንዴ ሶፍት ከሆነ ተመልሶ ደብተር አይሆንም፣ በቃው። ታዲያ ስንት ዓመት ያደገ ዛፍ ተቆርጦ፣ አንዲት ፊደል ሳይጻፍበት፣ እጅ ተጠርጎበት ሲጣል አያሳዝንም?" እናቴ ከጓዳ ሆና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለዛፍ እንዲህ ካዘንክ ለእኔም እዘንና ውሃውን አቅርብልኝ" ትለዋለች።

አደግኩ፣ ተማርኩ፣ ለትምህርት ቤቶች ዕቃ በሚገዛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግዢ ባለሙያ ሆንኩ። በሁለተኛው ዓመት የሶፍትና የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ጨረታ ሲወጣ፣ የሚፈለገውን ዕቃ ዓይነት የሚገልጸውን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ሁሉ በቀልድ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ጠረጴዛዬን ተደግፎ፣ "እባክሽ እንደ ድሮው ግራጫውን እንዳታመጪብን። ቆሻሻ በቆሻሻ ይጠረጋል እንዴ?" አለኝ።

ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ጻፍኩ፦ "ነጭ፣ ለስላሳ፣ ነጠብጣብ የሌለው።" ፈረምኩበት። ተማሪ ቤት "የሶፍቱ ልጅ" እያሉ ይስቁብኝ ስለነበር ይሁን ወይም ከግዴለሽነት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት አባቴ ትዝ አላለኝም። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

አባቴ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። እናቴም ብዙ ሳትቆይ አረፈች። እኔ ትዳር ይዤ ስለነበር የምጠይቀው በወር አንድ ቀን ነው፤ እሱንም እየተጣደፍኩ። ከምወስድለት ዕቃ መካከል ነጭ ሶፍት አይጠፋም። በጣቶቹ መካከል አሸት ያደርገውና፣ "ልስልስ ያለ ነው፣ ተባረኪ" ብሎ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ያመጣል።

"የእኛ ሶፍት ሱቅ ላይ አለ?"

"አላየሁም አባዬ።"

ዓይኑ መድከም የጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው። ሐኪሙ ማዳን እንደማይቻልና ብርሃኑ ከወር ወር እየጠበበ እንደሚሄድ ነገረው። አባቴ አላማረረም። አንድ ቀን ግን ልሰናበተው ስነሳ እጄን ያዘና፣ "ራይቴ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ የእኛን ሶፍት አንድ ጊዜ በዚህ መስኮት ብርሃን ባየው" አለኝ። ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የለም። ሁሉም ነጭ ነው።

ትምህርት እንደተዘጋ ለቁጥጥር አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከግቢው ጭስ ይወጣል። ዘበኛው የደብተር ክምር እያቃጠለ ነው። ነፋስ አንዲት ጥጓ የተቃጠለ ገጽ አንስቶ እግሬ ሥር ጣለልኝ፤ ቀይ ራይት አለባት።

"ለምን ያቃጥሉታል?" አልኩት።

"ምን ላድርገው? ድሮ መኪና እየመጣ ይወስደው ነበር። አሁን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?"

በአጠገባችን ከመኪና ካርቶን እየወረደ ነበር። እኔ ያስገዛሁት ነጭ ሶፍት ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። የአባቴን የሥራ ባልደረባ፣ የፋብሪካውን ማሞቂያ ስለሚያነዱ በልጅነቴ "ጋሽ ቦይለር" የምላቸውን፣ በሩ ላይ አገኘኋቸው። መዘፍዘፊያው ገንዳ ደርቆ ሸረሪት አድርቶበታል። ፋብሪካው ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነጭ ወረቀት እየቆረጠ መጠቅለል ብቻ ሆኗል ሥራው።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"ዋናው ገዢያችን ትምህርት ቤቶቹ ነበሩ" አሉ ወደ ገንዳው እያዩ። "አንድ ዓመት 'ነጠብጣብ የሌለው' የሚል ጨረታ ወጣ። አለቆች በረኪና ይጨመርበት አሉ። አባትሽ 'ውሃው የሚወርደው ወንዝ ውስጥ ነው፣ ታች ያለው ሰው ልብስ ያጥብበታል' ብሎ እምቢ አለ። ጨረታውን ወደቅን፤ ገንዳውም ተዘጋ።"

"ጽሑፉን ማን እንደፈረመው አባዬ ያውቃል?"

"እዚህ ቆሞ ነው ያነበበው" አሉኝ ጋሽ ቦይለር። "ለእኔ አሳየኝና፣ 'ፊርማዋ ያምራል አይደል?' አለኝ።"

አባቴ ቤት የደረስኩት እያለቀስኩ ነው። መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ለአባቷ ፋብሪካ አደላች እንዲሉሽ?" አለ። "የእንጀራሽ ነገር ነው።"

"እኔ እኮ ነኝ የዘጋሁብህ!"

"ገንዳው መዘጋቱስ ይሁን" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። "እኔን የናፈቀኝ አገጭሽ ነው። እዚህ ትከሻዬ ላይ ታስደግፊው የነበረው።"

የቀረውን ቀን እንደ ልጅነቴ ሆኜ ዋልኩ። የሚነበብ ሶፍት ግን አልነበረም።

በማግስቱ ለግዢ ኮሚቴው ስህተቴን በአፌ ተናገርኩ። አባቴ የት ይሠራ እንደነበር አስመዘገብኩና፣ አሸናፊው ሲመረጥ እኔ ድምፅ እንደማልሰጥ አሳወቅኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ "ነጠብጣብ የሌለው" የሚለው ተሰርዞ "ካገለገለ ወረቀት፣ ያለ በረኪና የተሠራ" እንዲባል።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አላለፈኝም። "እሱን ነገር መልሰሽ አመጣሽው? ሰው ነጭ ነው የሚወደው። ነጭ ንጹሕ ነው።"

"ነጩ ንጹሕ የሚመስለን ዛፉ ሲቆረጥ ስለማናይ ነው" አልኩት። "ግራጫውም ፈልቶና ደርቆ የወጣ ነው፤ ነጠብጣቡ ቀለም እንጂ እድፍ አይደለም። ደግሞስ አንተ ከእጅ መታጠቢያው ስትመለስ ስንት ቅጠል ነው የምትመዘው?"

"እኔ እንጃ… አራት፣ አምስት።"

"እጅህን ሦስቴ አራግፈህ አንዷን ሞክራት።"

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ሞከራት መሰለኝ፣ ዛሬ በመታጠቢያው በር ቆሞ ሁለት የሚመዘውን የሚቆጣው እሱ ነው።

ነገሩ ግን በአንድ ጀንበር አልሆነም። ስብሰባ ስብሰባን ወለደ። ትምህርት ቤቶቹ ደብተር ማቃጠል ትተው እንዲያከማቹ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ጨረታው ወጣ፣ ፋብሪካው አሸነፈ፣ ገንዳው ተጠገነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እኔ በየሳምንቱ አባቴ ጋ እሄዳለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ከዓይኑ ብርሃን ጥቂት ቀንሶ አገኘዋለሁ። "ደረሰ?" ይለኛል። "ሊደርስ ነው" እለዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ሶፍት ትንሽ ነገር ናት፤ ተጠርጎባት የምትጣል። ግን ትንሽ ነች ብለን ሳናስብ በመዘዝናት ቁጥር የሆነ ቦታ ዛፍ ይወድቃል፣ የሆነ ወንዝ በረኪና ይጠጣል፣ የሆነ ሰው ሥራውን ያጣል። ቤት ውስጥ በጨርቅ የሚጠረገውን በጨርቅ እንጥረግ። መግዛት ካለብን ካገለገለ ወረቀት የተሠራውን እንግዛ፤ መልኩ ቢጠቁርም። እኔ በአንዲት መስመር ያጠፋሁትን ለመመለስ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል፤ ያልተመለሰም አለ።

የመጀመሪያው ጥቅል የወጣ ዕለት ጋሽ ቦይለር ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ሰጡኝ። ሮጬ ደረስኩ። ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ነበረች። ጥቅሉን አባቴ እጅ ላይ አኖርኩት። ሁለት ቅጠል ቆረጠ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ አቆየው።

ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደውና ወደ እኔ ዘረጋው።

"ሻካራ ነው፤ የእኛው ነው" አለ። "አንቺ አንብቢልኝ።"

አገጬን ትከሻው ላይ አስደገፍኩ።

"ሰማያዊ አለ አባዬ። እዚህ ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ።"

"ራይት ነው ኤክስ?"

ነጥብ ናት። ከራይት ትቆረስ ከኤክስ ማንም ሊለይ አይችልም፤ ያኔም ሊለይ የሚችል አልነበረም። ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ።

"ራይት ነው።"

አባቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገ።

"እሺ፣ ሌላስ?" አለኝ።