የጎተራው ሙቀት

«ቀጥይ እንጂ» አለች ቆቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያንቺ ተራ ነው፤ አታዘግዪን።»

መርፌ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ለታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚያቀርቡትን ሥራ ለሁለት ተካፍለውት ነበር። ቆቅ የራሷን ጨርሳለች፤ የጥንት ሰዎች እህል መዝራት ሲጀምሩ መንከራተት እንደቀረላቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ቤት ሠርተው ከሚበሉት በላይ ማምረት እንደቻሉ ተናግራለች። የተረፈው እህል የት ተቀመጠ? ማንስ ጠበቀው? ይህ የመርፌ ድርሻ ነው።

የመረጠችው ራሷ ነበረች። አባቷ የገበሬዎች ማኅበሩ ጎተራ ኃላፊ ነው። «መርፌ» ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ስንዴው ውስጥ እየከተተች ሙቀቱን ትለካለታለች። ውስጡ ከቀዘቀዘ ደህና ነው። ከሞቀ ግን እርጥበት አለው ማለት ነው፤ ቶሎ ወጥቶ ካልተሰጣ ይሻግታል።

ባለፈው ሳምንት ጎተራው ሲከፈት ሽታው ሰፈሩን አዳረሰው። ለዘር የተቀመጠው ስንዴ አብዛኛው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ጠቁሮ፣ ጓል ሆኗል። የመዝሪያው ወቅት ደርሶ ገበሬው ሁሉ ባዶ ጆንያውን ይዞ ቆመ። አባቷ፣ ዘበኛው በዝናብ ቀን መስኮቱን ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃ ገባ አለ። ዘበኛው የቆቅ አባት ነው። የሚኖሩትም እዚያው ጎተራው ግቢ ውስጥ ባለችው አንዲት ክፍል ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ማኅበሩ ነገ ጠዋት ተሰብስቦ ይወስናል።

መርፌ ካርቶኑ ላይ ወዳለው ሥዕል ጠቆመች። «እህሉ ሲበዛ ጎተራ ተሠራ» አለች። «ሁሉም ቆሞ ሊጠብቀው ስለማይችል አንድ ሰው ተመረጠ። ሌላው ሸክላ መሥራትና ልብስ መሸመን ያዘ፤ ከጎተራው እየተሰፈረለት ይበላል። ከዚያ ለማን ምን ያህል ይድረሰው የሚል ጭቅጭቅ መጣ። ሕግ ወጣ፣ አለቃ ተሾመ፣ መንደሩም ከተማ ሆነ።» ድምጿ የራሷ አልመስልሽ አላት።

የታሪክ መምህሩ ጥሩ ነው አሏትና አንድ ነገር ጠየቁ፤ ጎተራው ቢበላሽስ ማን ይጠየቃል? ከኋላ አንዱ «ዘበኛው ነዋ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቆቅ አልሳቀችም። ሥዕሉን የለጠፉበትን ካርቶን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቆቅ ስሟ የወጣላት ያለምክንያት እንዳልሆነ አሳየች፤ ምንም አያመልጣትም። እናቷ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ ማሰሯን፣ አባቷ እህል እንዳስጠላው አወራቻት። ከዚያ ቆም አለች።

«አባዬ መስኮቱን ዘግቻለሁ ነው የሚለው። እኔ አምነዋለሁ። ሰዉም ነቄ ነው፤ ግን ሁሉም ዝም ብሏል። አንቺስ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች መርፌ። ይህን ብላ የቆቅን ፊት ማየት አልቻለችም።

ታውቃለች። አዝመራው ሲገባ፣ ደመናው እየከበደ፣ በመጨረሻ የመጣው ጭነት የማኅበሩ ሊቀመንበር ስንዴ ነበር። አባቷ አንዲት ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ነከሳት። የደረቀ ስንዴ ቀጭ ይላል፤ ይህኛው ተጠፍጥፎ ቀረ። ጥቂት ይሰጣ ብሎ ለመነ። ሊቀመንበሩ ዝናብ እየመጣ የት ላሰጣው ነው ብሎ ሳቀበት። አባቷም እርጥቡን በሰው ሁሉ ስንዴ መሀል አስገለበጠው። ከዚያ በኋላ መርፌ ክንዷን ስትከት ሙቀቱ አስደነገጣት። ስትነግረው ይበርዳል፣ ለማንም እንዳታወሪ አላት።

ማታ አባቷ ከራቱ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ገፋ አደረገው። መርፌ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የሞቀው መሀሉ ነበር። መስኮቱ ሥር ያለውንም ነክቼዋለሁ፤ ደህና ነበር።»

አባቷ የጎተራውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ወደ ቁልፉ እያየ፣ «ይህን ቁልፍ የሰጠኝ ሊቀመንበሩ ነው» አለ። «ያንተ ስንዴ ነው ያበላሸው ብዬ የት እገባለሁ? ዘበኝነት የትም ይገኛል። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

«የነቆቅ ቤትስ?»

«ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ላንቺ አይደለም?»

መርፌ ሳህኑን አነሳች። አባቷን ትወደዋለች፤ የከበዳትም ይኸው ነው። ሲጮህባት ቢያድር ይሻላት ነበር።

ጠዋት ሰዉ ጎተራው በር ላይ ተሰበሰበ። ተቆፍሮ የወጣው ጥቁር ስንዴ ግቢው ውስጥ ተከምሯል፤ ዶሮዎች እንኳ አልቀረቡትም። የታሰረው ፍራሽ ዘበኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። አባቷ አንገቱን ደፍቶ የመስኮቱን ነገር ደገመው። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ብቻ አለና ተቀመጠ። እዚያ ያሉት ሁሉ ገበሬዎች ናቸው፤ የእህልን ጠባይ አያጡትም። ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሊቀመንበሩ ነው፤ የከርሞው ማዳበሪያም በእሱ እጅ ያልፋል። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

ሊቀመንበሩ ሌላ የሚናገር ከሌለ እንወስን አለ።

መርፌ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። እስከ በሩ ሄደች። አባቷ ቁልፉን እንደጨበጠ ደፉ ላይ ቆሟል። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ ስትቆም የምትጠይቀውን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ልለካልህ?»

ቁልፉን ይበልጥ ጨበጠ። ዓይኑ እንባ ቋጠረ። አልከለከላትም፣ መንገድም አልለቀቀላትም። በትከሻው ሥር ጎንበስ ብላ አለፈችና ከውስጥ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ኑና እዩ» አለች። ከዚያ ወደ ወንበሩ አየች። «እርስዎም ይምጡ።»

ጎተራው ውስጥ ሽታው ያፍናል። መሀል ላይ የቀረውን የሻገተ ክምር ዞራ መስኮቱ ሥር ደረሰች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ስንዴው ውስጥ ከተተችው። ደረቅ ነው፤ ቀዝቃዛም ነው፤ በመስኮቱ የገባ ውሃ የለም። ክንዷን ሳታወጣ እዚያው ተንበርክካ የሚመጣውን ሰው ጠበቀች።