የእነ ሱአድ ማይክሮዌቭ

«መቼ ነው ግን የምትሄዱት?» አለች ሁዳ፣ ዓይኗን ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ሳታነሣ።

ሱአድ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። አባቷ ቀኑን እንዳልቆረጠ፣ ምናልባት ሐሙስ፣ ምናልባትም ቅዳሜ እንደሚሆን ነግራት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ማይክሮዌቭ ነው። ትልቅ፣ ብርማ፣ ምግብ ከማሞቅ አልፎ ዶሮ የሚጠብስ። የሱአድ እናት ሳሊማ የምትሠራበት ቤት ማዳም አዲስ ስትገዛ የቀድሞውን ለእሷ ሰጠቻት። አሮጌ ይባል እንጂ፣ መካ፣ ሩሰይፋ ሠፈር ባለው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድም ሐበሻ ቤት እሱን የሚያህል አልነበረም። ልጆቹ ከትምህርት ሲመለሱ የሚሰበሰቡት እነ ሱአድ ቤት ነው። ቺዝ የተነሰነሰበት ዳቦ ይጋገራል፣ ፈንዲሻ ይንጣጣል። የሁዳ ታናሽ ወንድም ሰይፉ ሳይቀር የእናቱን ምሳ ትቶ እዚያ ነው የሚውለው። ሁዳም አብራቸው ትበላለች፤ እየበላች ግን ውስጧ ይቃጠላል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከሱአድ ጋር አብረው ያደጉ የልብ ጓደኛሞች መሆናቸው ደግሞ ቅናቱን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

አሁን ጊዜው ተገልብጧል። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ ጀዋዛቶች ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሰው ሁሉ ከየመንገዱ እያፈሱ ነው። የሱአድን አባት ተውፊቅን ከፊል የሚባለው ሳዑዲ አሠሪው ወረቀትህን አላድስልህም ስላለው ቤተሰቡ በሙሉ ያለ ኢቃማ ቀርቷል። መንገድ ላይ ተይዘው ከሚዋረዱ ራሳቸው ሄደው እጃቸውን ሊሰጡ ወስነዋል። መጀመሪያ ሹመይሲ ማቆያ፣ ከዚያ ጅዳ ኤርፖርት፣ ከዚያም ሱአድ በስልክ ድምፁን እንጂ መልኩን የማታውቀው የወሎ ዘመድ ቤት። የሁዳ አባት ሀሩን ግን ኩዳይ መናኸሪያ የሐጅ ተጓዦችን አውቶቡስ ይነዳል፣ የኢቃማውም ጊዜ ገና አላለቀም። ሁዳ ይህን ስታስብ ደስ ይላታል። ደስ ስላላት ደግሞ ታፍራለች።

የእነሱ ቤት ማይክሮዌቭ ከተበላሸ ሰነበተ። እናቷ ዘይነብ ለእንግዳ የምታወጣውን፣ ጠርዙ የወርቅ ቀለም የተቀባውን ሳህን ከነሩዙ ውስጡ ከታ ስታሞቅ ተንጣጣ፣ ብልጭ አለ፣ ጢሱን ተፋና ጸጥ አለ። ሀሩን ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ጥገና ቤት ይየው አለ። ዘይነብ ግን የተቃጠለ ዕቃ ተጠግኖም አያስተማምንም ብላ ተከራከረች።

«እስቲ ትንሽ እንታገስ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ።

እነ ሱአድ የሚኖሩት ከእነሱ በላይ ነው። ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል። የሚሄድ ሰው ማይክሮዌቭ ተሸክሞ አይሄድም። ሰሞኑን በደረጃው ፍራሹም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የሕፃን አልጋውም እየወረደ ቀሪው ሰው ቤት ሲገባ ነው የሚውለው። ሁዳም ከፍሪጁ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ ወልውላ ቦታ አዘጋጀች። ከዚያ ወዲህ እነ ሱአድ ቤት ሳትሄድ የዋለችበት ቀን የለም።

ሁዳ መቼ ነው ብላ በጠየቀች ማግስት ሰይፉ እያለከለከ ገብቶ ማይክሮዌቩን ጀሚ እንደወሰደችው ነገራት። ጀሚ ምድር ቤት ከእናቷ ጋር የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ናት። እናቷ የአከራዩ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች ኢቃማ አላቸው፣ አይሄዱም። ሁዳ አላመነችም። ወርዳ ገርበብ ባለው በር ስታይ ብርማው ማይክሮዌቭ የጀሚ አልጋ አጠገብ ተቀምጧል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጥታ የሱአድ ፊት ቆመች።

«ለጀሚ? እኔ እያለሁ ለጀሚ?»

ሱአድ አልተቆጣችም። «እነሱ ምንም የላቸውም። የእናንተ ይጠገናል።»

«የማይክሮዌቭ ጉዳይ አይደለም» አለች ሁዳ። ግማሹ እውነት ነበር። «ከኔና ከሷ ማን ነው ጓደኛሽ? ወላሂ እንደዚህ አታደርጊኝም ብዬ ነበር።»

ሱአድ በእጇ የያዘችውን ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«መቼ ነው የምትሄዱት ብለሽ ስንቴ ጠየቅሽኝ?»

ሁዳ ዓይኗን ጥግ ላይ ወዳለው ባዶ ጠረጴዛ መለሰች።

«በመጣሽ ቁጥር ነው። ጀሚ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ሲመሽ ትሄዳለች።» ሹራቡን መልሳ አነሣች። «አንቺ ስትጠይቂኝ እንኳ እኔን አታዪኝም። እሱን ነው የምታዪው።»

ሁዳ ብትዋሽ ደስ ባላት፣ ግን ምን ብላ? ፊቷ እንደጋለ ወደ ቤቷ ወረደች።

ዘይነብ ወሬው ደርሷት ኖሮ ልጇን አቅፋ ታባብላት ጀመር። «አብሽሪ የኔ ልጅ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እነ ዓብዱም በቅርቡ ይወጣሉ አሉ። የነሱ እንዲያውም አዲስ ነው። ትንሽ እንታገስ።»

ሁዳ ከእናቷ እቅፍ ወጥታ አየቻት። ዘይነብ ክፉ ሴት አይደለችም። ትናንት ከሳሊማ ጋር ተቃቅፋ ስታለቅስ ውላ፣ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ስታዘጋጅላት ነው ያመሸችው። የተናገረችውም በደግ ድምፅ ነው። ያም ሆኖ ሁዳ በእናቷ አፍ የሰማችው ራሷን ነው። ነገ የእነ ዓብዱን በር ታንኳኳለች፣ ትቀመጣለች፣ ከዚያ መቼ ነው የምትሄዱት ትላለች።

ዓባያዋን ደረበች። የተበላሸውን ማይክሮዌቭ ገመድ ነቅላ ጠቀለለችና አቅፋ አነሣችው።

«ወዴት ነው?» አለች ዘይነብ ደንግጣ።

«ላስጠግነው።»

«አልሠራ ቢልስ?»

«ካልሠራ በምድጃ እናሞቃለን። የእነ ዓብዱን ግን አልፈልግም፣ እማ።»

ዘይነብ ሄዳ በሩን ከፈተችላት።

ዕቃው ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል። ደረጃው መሐል ላይ አስቀምጣ ስታርፍ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች። ሱአድ ናት፣ ወደ ጀሚ ቤት እየወረደች ነው። ማይክሮዌቩን አየች፣ ሁዳን አየች። ጎንበስ ብላ በአንድ በኩል ያዘችው። ሁለቱ እየተጠባበቁ ቀስ ብለው ወረዱ።

የሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ ሱአድ ቆመች።

«እኔ እዚህ ድረስ ነኝ» አለች።

መንገዱ ማዶ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ሁዳ በዚህ በር እንዳሻት ትወጣለች፣ ትገባለች። ሱአድ ከወጣች ስንት ቀን እንደሆናት ግን ጠይቃት አታውቅም። አሁን ልትጠይቃት የፈለገችው ያው መቼ ነው የምትሄዱት የሚለውን ነበር፣ በዚህ ጊዜ ግን ስለ ሱአድ ብላ፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ዓይኗን ከማይክሮዌቩ አንሥታ ጓደኛዋን አየቻት።

ሱአድም አየቻት።

«ስትመለሺ ቤት ነኝ» አለች።

ሁዳ ራሷን ነቀነቀች። ሙሉውን ክብደት በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ፀሐዩ ወጣች።