ካሜራው ሁለት ጭንቅላት ቆጠረ

ታላቅ እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ዘመሜ" እያለች ጠርታኛለች።

አንገቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም። ሊያየኝ የመጣውን ሰው በር ላይ ጠብቃ፣ "እሷን አግብተህ ዕድሜ ልክህን አንገትህን አጣምመህ ልታወራ ነው?" አለችው።

ሳቀ። በዓመቱ እሷን አገባት።

ይሄን ይዤ ነው የኖርኩት። አሁን የምጽፈው በራሴ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው... እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ፈጥሬ መጻፍ አልችልበትም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የክሊኒኩ ክፍል ጠባብ ናት፤ በርጩማ፣ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትንሽዬ ጥቁር ካሜራ።

"ይቺ ልጆች ቴሌቪዥን ፊት እየዘለሉ ጌም የሚጫወቱባት ናት እናቴ" አለኝ ወጣቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። "ርካሽ ናት፤ ግን የጭንቅላትዎን አቀማመጥ አሳምራ ትለካለች።"

አብራኝ የመጣችው እህቴ ከኋላዬ፣ "ይሄንንማ አናጢም በውኃ ልክ ይነግራችሁ ነበር" አለች።

ስክሪኑ ላይ ፊቴ የለም። መስመር ብቻ። ትከሻ መስመር፣ አንገት መስመር፣ ጭንቅላት ክብ ነጥብ።

"ሃያ ሁለት ዲግሪ ያዘነብላሉ" አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

ነጥቡ ሁለት ነው።

"እትዬ፣ እርስዎንም ቆጥራዎት ነው። እስቲ ውጭ ይጠብቁን።"

እህቴ ወጣች።

አሁንም ሁለት...

አጠፋው። አበራው።

ሁለት።

ሁለተኛዋ ትንሽ ናት። ግራ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣለች። የአንድ እጇ መስመር ጭንቅላቴ ላይ አርፏል... ይገፋል።

ትከሻዬን ዳበስኩት። ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ሸርተት ብላ እጄን አሳለፈችው።

"አይንቀሳቀሱ..." አለ በሹክሹክታ።

"ምንድን ናት?"

"ምንም... ካሜራዋ ርካሽ ስለሆነች ትሳሳታለች።"

"ታዲያ አንተን ምን ያልብሃል?"

ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

እህቴ በሩን በርግዳ ገባች። "አንገት ነው ወይስ መሬት የምትለኩት?" ብላ ሻሼን ልታስተካክልልኝ ጎንበስ አለችብኝ።

ትንሿ መግፋቷን አቆመች። እጇን ከጭንቅላቴ አንስታ... ወደ እህቴ ዘረጋች።

ሃያ ሁለት የነበረው ቁጥር ዜሮ ሆነ። አንገቴ ላባ ሆኖ ቀለለኝ።

"እትዬ ይራቁ!" ብሎ ጮኸ።

እህቴ ደንግጣ ቀና አለች። ክብደቱ ተመለሰብኝ።

ባለሙያው አየኝ። እኔም አየሁት። ለሁለታችንም ገብቶናል። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። "እናቴ... ይተዉ። ነውር ነው።"

"ምኑ ነው ነውሩ?" አለች እህቴ።

"ምንም አይደል እታለም" አልኳት። "ነይ፣ ጉንጭሽን ልሳምሽ።"

"ደግሞ ምን ነካሽ?" እየሳቀች ጉንጯን ሰጠችኝ።

በሁለት እጄ አቀፍኳት። አጥብቄ። "በቃ፣ ልቀቂኝ" አለች። አልለቀቅኋትም። ለመነችኝ። አልለቀቅኋትም።

አንገቷ ሲንቋቋ ጆሮዬ ሥር ሰማሁት።

ያኔ ለቀቅኋት። ተነሳሁ። ቀጥ ብዬ።

ባለሙያው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስክሪኑን ያያል። ሳልወጣ እኔም ዞር ብዬ ስክሪኑን አየሁት።

እህቴ ትከሻ ላይ ትንሿ ተደላድላለች።

በሁለት እጇ ነበር የምትገፋው...