ቅዳሜ ጠዋት የወጣው ማስታወቂያ

ከዓለምነህ ጋር የተዋወቅነው በጭቅጭቅ ነው። እሱ ከቤተ ልሔም ደብር የድጓ ትምህርቱን ትቶ ንፋስ መውጫ የገባ፣ ብዕሩ የጠራ ልጅ ነው። እኔን ደግሞ ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ራሴን አስተማርኩ። ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። የአገሩን ሰርግ፣ ተዝካርና የጠፋ በሬ የምናወጣበት ድረ ገጽ ነበረን፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ ሶፍትዌሩን እሠራለሁ።

«ትናንት ያወጣሁት ተዝካር የት ገባ?» አለኝ ገና ሥራ በጀመርኩ በሳምንቴ።

«ሶፍትዌሩን ሳድስ ጠፍቶ ነው።»

«የሟቹ ልጆች ሲመጡ አንቺን ላስረክባቸው?»

አፌ ምላጭ ነው፤ ያን ቀን ግን በሥራ ልመልስለት ፈለግሁ። በንዴት ቁጭ ብዬ ሥራችንን በየጠዋቱ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሰው በማያየው የድረ ገጹ ቅጂ ላይ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ ያወጣል፣ መውጣቱን ያያል፣ ከዚያ ያጠፋዋል። አንዱ ከተበላሸ እኛ ሳንገባ በቀይ ጽፎ ይጠብቀኛል።

«ምን ብሎ ይጻፍ?» አልኩት። «አንድ የሰርግ ማስታወቂያ ስጠኝ።»

ጽፎ ሰጠኝ። «ዓለምነህ ይበልጣልና እመቤት ማሩ በአስተርዮ ማርያም ማግስት ይጋባሉ።»

ቀና ስል በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ጆሮው ቀልቷል።

«ከእኔና ከአንተ የተሻለ ስም አጣህ?»

«ካልወደድሽው አጥፊው።»

አላጠፋሁትም። አምስት ወር ሙሉ ያ ፕሮግራም በየጠዋቱ አጋባን። ዓለምነህ ገና ከበር ሳይገባ «ዛሬስ ሠራ?» ይለኛል። «ሠራ» እለዋለሁ። ከዚያ ዝም እንላለን። ከዚያ ዝምታ የሚጣፍጥ ነገር አላውቅም።

አንድ ዓርብ ግን ሶፍትዌሩን ሳድስ ተሳሳትኩ፤ በቅጂው አድራሻ ፋንታ የዋናውን ድረ ገጽ አድራሻ ጻፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራሙ ማስታወቂያውን ለአገር ሁሉ አወጣው። ሳያጠፋው መብራት ሄደና ኮምፒውተሬ ተዘጋ። ገበያው ሲሞላ ከጋይንት እስከ ስማዳ ያላነበበው አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ የዓለምነህ አባት መሪጌታ ይበልጣል ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቢሯችን ገቡ። ገበያተኛው በሩን ሞላው።

«ሽማግሌ ሳይላክ የተዳረች!» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቀ።

መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ እመቤት፣ ይህ ነገር እውነት ነው?»

ዓለምነህ አየኝ። እንደዚያ ቀን አይቶኝ አያውቅም። እኔ ግን ሊቆጡኝ የመጡ መሰለኝ፤ የሚሰማኝም የበሩ ሳቅ ነበር፤ መሳቂያ መሆን ደግሞ አልወድም።

«የለም መሪጌታ። ለሙከራ የተጻፈ ነው። ልጅዎን ማን ፈለገውና!»

ዓለምነህ ነጠላውን አነሳ። «ደህና ሁኚ» አለኝና በሰዎቹ መካከል ወጣ። በሳምንቱ ሥራውን ለቆ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ገባ ሲሉ ሰማሁ። አልደወለም። እኔም ኩራቴን ታቅፌ ሦስት ወር ተቀመጥኩ።

ሲብስብኝ አባቱ ዘንድ ቤተ ልሔም ሄድኩ። መሪጌታን ከደብሩ ቅጽር ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ያን ቀን ዋሽቻለሁ አባቴ። ልጅዎን እወደዋለሁ።»

በትከሻዬ ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ከእስቴ አንዲት ልጅ አጭተንለታል። ቃል ሰጥቻለሁ፤ የሰጡት ቃል አይመለስም።»

«ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ነው እኮ!»

«ሊቆጣ የሚመጣ ሰው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል?» አሉ ቀስ ብለው። «ከአንቺ ዘንድ ተነስተን ወደ አባትሽ ቤት ልንሄድ ነበር። በእኛ አገር ልጃገረድ ተጠይቃ አንገቷን ከደፋች እሺ ብላለች ነው። መናገር አልነበረብሽም፣ ልጄ። ዝም ብትይ ይበቃን ነበር።»