ፈሰስ ወይስ ቱቦ?

«በሳ!» አሉ ጋሽ ሲሳይ፣ ዲጂኖውን ከአጥሩ ግንብ ሥር እየነቀሉ።

ቃልኪዳን የያዘችውን አካፋ ጥላ ተንበረከከች። ግንቡ ግርጌ የተከፈተው ቀዳዳ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ጉንጯን መሬት አስነክታ አጮለቀች። ከወዲያ በኩል ትንሽ የድንች መደብ፣ ከመደቡ ቀጥሎ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ታየ። ግድግዳው በጣም ቅርብ ነበር። የጓደኛዋ የውብአለም አልጋ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ እንደቆመ ታውቃለች፤ ስንቴ አብረው ሲያጠኑ አድረውበታል።

«ምን ይታይሻል?» አላት አባቷ በላይነህ።

«ቤታቸው።»

«ቤታቸውንማ መች አጣሁት! መሬቱ ወደዚያ ያዘነብላል ወይ ነው የምልሽ።»

«ያዘነብላል።»

«በቃ ተገላገልን!» አለና እጆቹን አፋተገ። እንደዚህ ደስ ብሎት ካየችው ቆይታለች። እሷ ግን ደስ አላላትም፤ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

የእነቃልኪዳን ግቢ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጅ የሚወርደው መግቢያ አስፋልት ነው፤ በሰፈሩ ብቸኛው። ቤቱን የሸጠላቸው ሰውዬ የመንገድ ሥራ ፎርማን ስለነበር ከሥራ የተረፈውን አስፋልት ግቢው ውስጥ አልብሶት ሄደ። ከሥሩ ጠጠር ያድርግበት አያድርግበት እግዜር ይወቅ። ለውሃው መሄጃ እንዳላበጀለት ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይታያል። የመንገዱ ጎርፍ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ አስፋልቱን ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ከዚያ መኪና ሲረግጠው ይፈረካከሳል። አባቷ በየዓመቱ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ይደፍናል፣ በየዓመቱም ሲሚንቶው ተገንጥሎ ይነሳል። ሰፈሩ «የአስፋልቶቹ ቤት» ይላቸዋል። ትምህርት ቤት ደግሞ ቃልኪዳንን «አስፋልት» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ነገሩ ያስቅ ነበር። ባለፈው ወር እናቷ ዘነበች ዱቄት ተሸክማ ስትገባ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ እግሯን ከተሰበረች ወዲህ ግን የሚስቅ የለም።

እናቷ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ በክራንች። አባቷም «በዚህ ጉድጓድ አላስገባትም» ብሎ ምሏል። ለዚህ ነው ድሮ መንገድ ሥራ ላይ የነበሩትን ጋሽ ሲሳይን የጠራቸው። እሳቸውም ገና ሲያዩት፣ «ላዩን መለጣጠፍ ትርፉ ድካም ነው፤ መጀመሪያ ውሃውን አስወጣው» አሉት። አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር በአግድመት ቀደው ቦይ አወጡ። ቦዩ መጨረሻው ግንቡ ነው። ግንቡን አልፎ ውሃውን የሚያወጣው ደግሞ አሁን በቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ቱቦ ነው።

«እትዬ አሰለፈች ሳይኖሩ?» አለች ቃልኪዳን።

እትዬ አሰለፈች የውብአለም እናት ናቸው። እናትና ልጅ ስለት ለማድረስ ጣራ ገዳም ሄደዋል፤ የቤታቸውን ቁልፍም ዶሮዎቹን እንድታይላቸው ለቃልኪዳን ሰጥተዋታል።

«ሲመጡ እንነግራቸዋለን» አለ አባቷ፣ ቱቦውን በመዶሻ እጀታ እየገፋ።

ከሰዓት በፊት ዶሮዎቹን ለመመገብ ታች ወደ እነውብአለም ቤት ወረደች። ጥሬውን በትና መመለስ ስትችል ወደ ጓሮ ዞረች። የቱቦው አፍ ከግንቡ ብቅ ብሎ በቀጥታ ወደ ጭቃ ግድግዳው ያያል። ግድግዳውን በጣቷ ፈገፈገችው፤ ጭድና አፈር እጇ ላይ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ለድንቻቸው እንኳ መደብ ያበጁት ውሃ እንዳይተኛበት ብለው ነው። አሁን የመንገዱ ጎርፍ በሙሉ እዚህ ሊለቀቅባቸው ነው።

ስልኳን አውጥታ ወደ ውብአለም ደወለች።

«አስፋልት!» ጮኸች ውብአለም። «ናፈቅሁሽ አይደል?»

«ሙድ አትያዢብኝ።»

«ዶሮዎቼስ?»

«ደህና ናቸው። እዚያ ይዘንባል እንዴ?»

«ኧረ ፀሐይ ነው! እዚያስ?»

ቃልኪዳን ቀና አለች። በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። «እስካሁን አልጀመረም።»

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም። ሁሉም ሰላም ነው።»

«ፈታ በይ እንግዲህ! ጠበል ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ለእማማ ዘነበችም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ በራሷ ተናደደች። ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ነገር! የቱቦውን አፍ በጫማዋ ጫፍ መታ አደረገችው፤ ቱቦው ምን አጠፋ።

ቤት ስትመለስ በርሜሉ ውስጥ ሬንጅ ይፈላል፤ ሽታው ሰፈሩን ሞልቶታል። ጉድጓዶቹ ተጠርገው በጠጠር ተሞልተዋል። ጠጠሩን ረገጠች፣ ሬንጅና ኮረት አቀበለች፣ ውሃ ቀዳች። ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስትሠራ አንዴ የጋሽ ሲሳይን አካፋ ወስዳ ሌላ ቦታ ጣለችው። «ልጅቷ ዛሬ ምን ነክቷታል?» አሉ።

ምሳ ላይ ሦስቱም አንድ ትሪ ከበቡ። ቃልኪዳን የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ያ ደረጄ የምትለው ሰውዬ… ፈሰሱን የቀደደ ጊዜ አያቴ ቤት ነበር?»

ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ነው ያደገችው። ፋርጣ ገጠር፣ አባቷ ባደገበት አገር፣ ገበሬ ማሳው ላይ የሚተኛውን ውሃ ለማስወጣት በማረሻ አግድም ይቀድዳል፤ ያ ቦይ ፈሰስ ይባላል። ፈሰስ የሚለቀቀው የታችኛው ባለማሳ ተጠይቆ እሺ ሲል ነው። ደረጄ የሚባለው የላይኛው ባለማሳ ግን ሳይጠይቅ በአያቷ ገብስ ላይ ለቀቀው። ገብሱ ሄደ። ሁለቱ ቤተሰቦች ሽማግሌ እስኪያስታርቃቸው ድረስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም ነበር።

«የት ይኖራል! ገበያ ወርዶ ነበር!» አለ አባቷ፤ ቁጣው ዛሬም ትኩስ ነው። «አባወራው የሌለበትን ቀን ጠብቆ እኮ ነው። ሰው ነው እሱ?»

«እኛስ?»

«እኛ ምን?»

«እትዬ አሰለፈችም እኮ የሉም።»

የአባቷ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። ጋሽ ሲሳይ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «እኔ የተጠራሁት ለአስፋልቱ ነው» ብለው ወጡን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ይሄ ፈሰስ አይዶለም» አለ አባቷ በመጨረሻ። «ፈሰስ የእርሻ ነው። ይሄ ቱቦ ነው።»

«ውሃው ያው አይደለም?»

«ቃልኪዳን! እናትሽ ነገ በክራንች ስትመጣ በየት ትግባ? እስቲ ንገሪኛ! በየት ትግባ?»

እናቷ ስትወድቅ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። እሷም እንደ አባቷ ያ ጉድጓድ ተደፍኖ ማየት ትፈልጋለች። አባቷን በክፉ ማሰብ ከበዳት፤ ዝም ብላ መቀመጥም ከበዳት። እጇን ታጥባ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች፣ እንደገና ወጣች።

ጋሽ ሲሳይ ሥራቸውን ጨርሰው እንደሄዱ ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ተንጠባጠበ፣ ወዲያው አስተጋባ። የመንገዱ ጎርፍ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባና አስፋልቱን ይዞ ወረደ። ቦዩ ጋ ሲደርስ ታጠፈ፣ ወደ ግንቡ ሮጠ፣ ቱቦው ዋጠው። ጥቁሩና አዲሱ ጥገና ንቅንቅ አላለም።

«አየሽው? አየሽው!» አባቷ በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ሳቀ። «እስቲ አሁን እናትሽ ትምጣ!»

ቃልኪዳን የምትሰማው ሌላ ነገር ነበር። ከግንቡ ወዲያ ውሃው እየተንደቀደቀ ሲወድቅ ይሰማታል። ድንቹ ላይ ደርሷል። ቀጥሎ ግድግዳው ነው።

ከእንጨቱ ክምር ላይ ባዶ ጆንያ አንስታ ዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ጆንያውን ጠቅልላ ቦዩ መጨረሻ ላይ ባለው የቱቦው አፍ ውስጥ ወተፈችው፣ ከዚያ ቆመችበት። ውሃው ለአፍታ ግራ ገባው። ከዚያ ቦዩን ሞልቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቁርጭምጭሚቷን አለፈ፣ ገና ያልጠነከረውን ጥገና ከጫፉ ያነሳው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል?» አባቷ እየተንሸራተተ ደረሰ። «ሥራችንን አበላሸሽው እኮ! ልቀቂ!»

«አልለቅም።»

«ቃልኪዳን፣ ልቀቂ አልሁሽ! እናትሽስ?»

«እናዝላታለን! እኔና አንተ እናዝላታለን አባዬ። የውብአለም አልጋ ግን እዚያ ነው፣ ከግድግዳው ጋር!» አባቷ ላይ እንዲህ ጮኻበት አታውቅም።

ስልኳን በፌስታል እንደተጠቀለለ ከኪሷ አውጥታ ወደ እትዬ አሰለፈች ደወለች። የመጀመሪያው ጥሪ ኔትወርክ የለም አላት። ሁለተኛውም። አባቷ ከአጠገቧ ቆሟል፤ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። እጁን ቢዘረጋ ጎትቶ ሊያነሳት ይችላል። አልዘረጋም።

በሦስተኛው ተነሳ።

«ሃሎ? ቃልዬ?» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«እትዬ አሰለፈች፣ ከግቢያችን ውሃ ወደ እናንተ ፈሰስ አውጥተን ነበር» አለች በአንድ ትንፋሽ። «እርስዎን ሳንጠይቅ። አሁን አባዬ ሊጠይቅዎ ነው።»

ስልኩን ወደ አባቷ ዘረጋች። እሱ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከሥሯ የሚነሳውን ጥገና አየ። አንድ የአስፋልት ቁራጭ ተገንጥሎ ጫማውን ነክቶት አለፈ። የረጠበ እጁን በረጠበ ሱሪው ጠረገ፤ ምንም አልጠቀመውም። ስልኩን ተቀበለ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ አሰለፈች» አለ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ሴትዮዋ ከፊቱ የቆሙ ይመስል። «በላይነህ ነኝ። የላይኛው።»

ቃልኪዳን ጆንያውን በሁለት እግሯ እንደረገጠች ቆየች።