የደጋው ወይን እድፍ

አንድ ሰው «ራሱን አጠፋ» ሲባል ሰምታችሁ «ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አቶ ተክለ ማርያም ባሕር ማዶ፣ ስካርቦሮ ካለው ዌርሃውሳቸው፣ ከወይን ጠጅ መጋዘናቸው ውስጥ፣ ሞተው ሲገኙ አንድም ጠያቂ አልተገኘም። መርዙ የተገኘው ከብርጭቋቸው ነው፤ የወይን ጠጁ ጠርሙስ ግን ንጹሕ ነበር። ሸሪካቸው ገረመው «ብቻቸውን ነበሩ፤ ተስፋ ቆርጠው ነበር» አለ፤ አለቀ። ሀበሻው ወሬውን ከፖሊስ ቀድሞ አዳረሰው። ቄሱም ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም አሉ።

ልጃቸው ፅዮን የግል መርማሪዋን ጸሐይወርቅን ኮል አደረገች። «እትዬ፣ ፕሊስ! አባቴ ያለ ጸሎት አይቀበርም።»

ሟቹ ከአንዲስ ተራራ የሚመጣ ቀይ ወይን ጠጅ እየቀየጡ ይሸጡ ነበር። ጸሐይወርቅ ዌርሃውሱ ስትደርስ ሠራተኛቸው ሥርጉት በርሜል ታጥባለች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደጋ ወይን ነዋ! ፀሐዩ ስለሚበረታበት ልጣጩ ይወፍራል፤ ቀለሙ ከእጅ በስንት ልፋት ይለቃል፤ ጨርቅና የቆዳ ዕቃ ከያዘ ግን አይለቅም። ጋሼ ይሄን በርሜል ከፍተው ጠርሙስ የሞሉት የሞቱ ዕለት ነው።»

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ከገረመው። የቆላ ወይን ደባልቆ የተራራ ነው እያለ ይሸጣል። ጋሼ ለገዢዎቹ እነግርብሃለሁ ብለውት ነበር።»

«ሰው ሲቀዳላቸውስ ይጠጣሉ?»

ሥርጉት ሳቀች። «ጋሼ? የቀዳው ሰው መዳፉ ላይ አፍስሶ ካልቀመሰላቸው ውሃ እንኳ አይጠጡም! የጥንት ሰው እኮ ናቸው።»

ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት፣ ገረመው ከቄሱ ጎን፣ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ያን ዕለት ዌርሃውስ ሄደህ ነበር?» አለችው ጸሐይወርቅ።

«ሳምንቱን ሙሉ አልረገጥኩትም! ወይን ጠጅም ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። እግዜር ምስክሬ ነው!» ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሳ። እጅጌው ሸርተት አለ። ነጣ ያለው የሰዓቱ የቆዳ ማሰሪያ ከመዳፉ ሥር በሚውለው በኩል ብቻ ጠቁሯል።

ጸሐይወርቅ ብድግ አለች። «ለቀስተኞች፣ ስሙኝ! ፖሊስ ጠርሙሱ ንጹሕ ስለሆነ መርዙን ራሳቸው ጨመሩት አለ። ፖሊስ ልማዳችንን አያውቅም፤ እናንተስ? አንድ ሰው ከጠርሙሱ መዳፉ ላይ አፍስሶ ቀመሰላቸው፤ እሳቸውም አምነው ጠጡ። ያመኑት ጠርሙሱን ነው። መርዙ ግን አስቀድሞ ብርጭቆው ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ከመዳፉ የቀመሰ ሰው ወይኑ ወደ ክንዱ ይወርድበታል። እጅህን ታጥበሃል፣ ሸሚዝህን ቀይረሃል፤ የሰዓትህን ማሰሪያ ግን ረስተሃል። ደግሞስ ዌርሃውሱን ካልረገጥክ፣ ብቻቸውን እንደነበሩ በምን አወቅክ?»

ገረመው እጁን ኪሱ ከተተ። «ራሱን ገደለ» ሲል የሰነበተው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ቄሱም ጭምር። ፅዮን ብቻ ቀና ብላ ገረመውን ታየዋለች።

«ማሰሪያውን ፖሊስ ይመረምረዋል» አለች ጸሐይወርቅ። «ስማቸውን ያጎደፍከው ግን እዚህ ሕዝብ ፊት ነው፤ እዚሁ ሕዝብ ፊት መልስ! ያ ወይን በክንድህ እንዴት ወረደ?»